ሚስት አልነበረችውም አሉ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጄ፣ ጋብቻ ማለት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ድግስ ተበልቶ፣ አገር ያየው ነው እንጂ ማን ቢሮ ሄዶ ይፈርማል። እኔና አያሌውም እንደዚያው ነን። ደጋ ተጋብተን ወደ ቆላ ወረድን፣ እና ከሸሕዲ ከተማ ወዲያ ያለውን ጫካ እሱ በመጥረቢያ እኔ በገጀራ መነጠርነው፣ ወባው እያንቀጠቀጠን ሰሊጥ ዘራንበት። ልጅ እግዜር አልሰጠንም። በአጨዳ ጊዜ ለጉልበት ሠራተኛው ሁሉ የማበስለው እኔ፣ ውሃ የማመላልሰው እኔ፣ ሌላ ማን ነበር?

ታዲያ አያሌው ሞተ። ነፍሱን ይማር፣ ደግ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ደሴ ከደጋ መጣና ከሁሉ በላይ ያለቀሰ እሱ ነው። እኔም እንባውን አምኜ፣ አልጋዬን ለቅቄ አስተኛሁት። አርባውም ወጣ።

ለካ ይኸ ሰውዬ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። አንድ ቀን ማሳው ላይ ነዶ ሳቆም መጣና፣ "እትዬ፣ የወራሽነት ማስረጃ አውጥቻለሁ፤ ሰሊጡን እኔ አራግፈዋለሁ፣ እርስዎ ወደ ዘመዶችዎ ቢሄዱ ይሻላል" አለኝ። አንቱ እያለ ማባረር፣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ወረቀቱን ሰው ባስነብብ፣ አያሌው ሚስት አልነበረችውም፣ እኔ የሠራተኛ ወጥ ሠሪ ነኝ ይላል። የመሰከረውም ማን ይመስልሻል? መኳንንት፣ ያ ጎረቤታችን፣ የደገስሁትን ተዝካር በልቶ የሄደው። እጄ ባቀናው ማሳ ላይ ወጥ ሠሪ!

ሰው ሁሉ ተይው፣ ወረቀት የያዘ ረታ ይለኛል። እንዴት አባቴ እተወዋለሁ? ሸሕዲ ሄጄ አቤት አልሁ። ዳኛዋ ሴት ናት፣ ያንቺ እኩያ ብትሆን ነው፣ ሰከን ያለች። ደሴ የጋብቻ ወረቀት ታምጣ ይላል። እሷ ደግሞ ወረቀት ባይኖርም እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን ያየ ሰው ከመሰከረ ይበቃል አለችና መኳንንት ተጠራ። ማለ። ማለና ዓይኔን ሳያይ "ታበስል ነበር እንጂ ሚስቱ አይደለችም" አለ። ዳኛዋ ጥያቄ አለዎት ወይ ብትለኝ ተነሣሁ።

"መኳንንት፣ አያሌው የሞተ ለት ቤታችን መጥተህ ነበር?"

"መጥቼ ነበር።"

"እግዜር ያጥናሽ ያልኸው ማንን ነው?"

ላቡን በነጠላው ጠረገ፣ ደሴን አየ፣ መሬት አየ።

"ለወጥ ሠሪ ነው እንዴ እግዜር ያጥናሽ የሚባለው?" ብዬ ደገምሁበት።

"አንቺን ነው" አለ በመጨረሻ።

"እና እኔ የአያሌው ምኑ ብሆን ነው?"

"ሚስቱ።"

ዳኛዋ ያን ማስረጃ ሰረዘችው። ከዚያ አስረዳችን፤ አብራችሁ ያፈራችሁት ግማሹ የራስዎ ነው፣ እሱ ውርስ አይባልም፣ ውርስ የሚባለው የሟች ግማሽ ነው፣ ልጅም ወላጅም ስለሌለው ወንድሙ ይወስደዋል አለች። አየሽልኝ? ግማሹ ሳይዋሽም የደሴ ነበር እኮ። የእኔን ለመደረብ ብሎ ሙት ወንድሙን ሚስት ነፈገው። እሱ ነው እስካሁን የሚያበግነኝ።

አንቺስ? ዓምና ተሞሽረሻል፣ ጋብቻሽን አስመዘገብሽ?

"አክስቴ፣ እሱ ሥራ ቀለል ሲል እንሄዳለን ብሎኝ ነው እንጂ…"

ሥራ ቀለል ሲል? ሞትስ ሥራ ቀለል እስኪል ይጠብቃችኋል? ተነሽ፣ ጫማሽን አድርጊ። ባልሽንም ከማሳው ጥሪው፣ ቀበሌው ሳይዘጋ።