የማይቆጠቁጠው ጉንጭ

ባለሳሎኗ ፊት የሚያጠራውን አሲድ እየቆጠረች በትንሿ ሳህን ውኃ ውስጥ ታንጠባጥባለች፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። መስታወቱ ፊት የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ቀኝ ጉንጯ ተቀብቷል፤ ግራው ተራውን ይጠብቃል። ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ይወርዳል።

የባለሳሎኗ የእህት ልጅ ዝናብ አባርሯት የገባችው በዚህ መሀል ነው። ፋርማሲስት ናት።

«አክስቴ፣ ሴትዮዋ እያለቀሰች እኮ ነው።»

«ታልቅስ። ካልቆጠቆጠ አልሠራም ማለት ነው።»

«እትዬ፣ ትንሽ የበዛብኝ መሰለኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲወጋሽ ዝም ትያለሽ፤ እኔ ጋ ስትመጪ ነው የምትቀብጪው? መቶ እስክቆጥር ቻይው።»

ፋርማሲስቷ አልተከራከረችም። የውኃ ጆግ አንሥታ የልብስ ሰፊዋን ጉንጭ ደጋግማ አጠበችው። ቆዳው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«በደንበኛዬ ፊት አዋረድሽኝ» አለች አክስት። «በሰው ፊት የምቀልድ መሰለሽ? ሁልጊዜ ጠዋት መጀመሪያ ራሴ ላይ ነው የምሞክረው። በአምስት ጠብታ ጀመርኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። ደካማ ነው ብዬ አሥር አደረግሁት። አሁን ሃያ ደርሻለሁ፤ ዛሬም ጉንዳን የነካኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም።»

«አንቺ እስኪሰማሽ ነው የምትጨምሪው?»

«በማን ልለካው ታዲያ?»

ባለሳሎኗ ክፉ ሴት አልነበረችም። የራሷን ቆዳ ለሰው ሁሉ መለኪያ ማድረጓ ነበር ጥፋቷ።

«አንዳንዱን ቆዳ ደካማ አሲድ እንኳ ይቆጠቁጠዋል፤ ጉዳት ግን ላይኖረው ይችላል» አለች ፋርማሲስቷ። «ሌላው ደግሞ እየተጎዳ ዝም ይላል። መቆጥቆጡ መሥራቱን አይነግርሽም፤ አለመቆጥቆጡም ደህና መሆኑን አይነግርሽም።»

«ዝም የሚል ቆዳ ጠንካራ ነው፣ ዶክተር» አለች አክስት እያሾፈች።

«እስቲ ወደ መስኮቱ ነይ። የፊትሽን ዱቄት በጥጥ ልጥረግልሽ።»

ጥጡ አንዴ ሲያልፍ ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ከዱቄቱ ሥር የባለሳሎኗ ጉንጭ ተልጦ ያብለጨልጫል፤ ጠርዙ ተሰንጥቆ ውኃ ቋጥሯል።

«ይሰማሻል?»

«ጣትሽ ብቻ።»



«ቅላቱን አይቼው ነበር» አለች ባለሳሎኗ ቀስ ብላ። «ቆዳዬ የጠራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «የአንቺ እንባ ነው ያተረፈሽ። እንባ የሌላቸው ስንቶቹ ከዚህ ወንበር ተነሥተው ሄደዋል?»

ፋርማሲስቷ የአሲዱን ጠርሙስ ከደነች።

«ነገ ቆዳ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን» አለች ፋርማሲስቷ። «ጠርሙሱን እኔ እወስደዋለሁ። ከዚህ በኋላ ኃይሉ የተጻፈበትን፣ ደካማውን ትገዣለሽ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ትጠብቂያለሽ። ሰዓት ተመልክተሽ ታጥቢያለሽ እንጂ ፊት አይተሽ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ደንበኛሽ ሳትፈራ ትመጣለች፤ አንቺም ማንን አቃጠልኩ ብለሽ አትጨነቂም።»

«እኔም ያልተቀባውን ግራ ጉንጬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ባለሳሎኗ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

ከመሳቢያ ካርቶን አውጥታ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ «ሲቆጠቁጥሽ ንገሪኝ፤ ወዲያው እናጥባለን። ባይቆጠቁጥሽም ሰዓቱ ሲደርስ እናጥባለን።» በመስታወቱ ጎን ለጠፈችው፤ አራቱንም ጠርዝ በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ ብዕሩን ከድና ከማበጠሪያዎቹ መሀል አስቀመጠችው።