የባለ ስምንቱ ትከሻ

የቢራ መጥመቂያው ማሸጊያ ክፍል አለቃ ያን ቀን ከሥራ የወጡት «ቀብር አለብኝ» ብለው ነበር። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ክሊኒኩ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ከቁስል ማጠቢያው ክፍል ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? የገዛ ወንድማቸው ልጅ! አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። እሷም እዚያው ቢራ መጥመቂያ ውስጥ ቴክኒሻን ናት። ይባስ ብሎ፣ እሳቸው ስሙን መስማት የማይፈልጉትን ማሽን «ይገዛ» ብላ ለመጥመቂያው ባለቤት ያቀረበችው እሷው ራሷ ናት።

«ጋሼ! ቀብሩ እዚህ ነው እንዴ?» አለች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ጣትሽን ምን ነካው?»

«ጠርሙስ ነዋ። ልጆቹን ላግዝ ሳወርድ እጄ ላይ ተሰበረ። እርስዎስ ምን ሆኑ?»

ሽማግሌው መዋሸት አቃታቸው። በአገጫቸው ቀኝ ትከሻቸውን አመለከቱ። «ይቺ ናት። ከደረቴ በላይ አልነሣም ካለች ሰነበተች። አደራ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ!»

ይህ አደራ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የክፍሉን ልማድ ማወቅ ያሻል። ባዶ ጠርሙስ የሚመጣው ታጥቦ፣ የጣውላ ፓሌት ላይ ደርብ በደርብ ተቆልሎ ነው። ሠራተኞቹ ከዚያ ላይ በእጃቸው እያነሡ፣ ወደ መሙያው በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ያቆሙታል፤ ቀኑን ሙሉ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ። እዚያ ክፍል ታዲያ አራት ጠርሙስ በአንድ እጅ፣ አራት በሌላው፣ አንገታቸውን በጣቶቹ መሃል አንቆ ያላነሣ፣ ሰው አይባልም። አዲስ ገቢ ሁሉ በዚህ ይፈተናል። ስምንቱን ካነሣ ይጨበጨብለታል፤ «እጄን አመመኝ» ያለ ግን «ምነው፣ ትራስ ይምጣልህ?» እየተባለ ሲሳቅበት ይውላል። የፈተናው ፈልሳፊ ሌላ ማንም ሳይሆን አለቃው ናቸው፤ «ባለ ስምንቱ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላቸውም ይኸው ነው። እንግዲህ ባለ ስምንቱ አንድ ጠርሙስ ማንሣት አቃታቸው ቢባል፣ ጉድ አይደለም?

በዚያ ላይ በማግስቱ ስብሰባ ነበር። የመጥመቂያው ባለቤት ጠርሙስ አውራጅ ማሽን ለመግዛት አስቦ «ሠራተኞቼ ካልፈለጉ ግን ይቅርብኝ» ብሏል። ሠራተኞቹም «አለቃችን ያሉት ይሁን» ብለው ነገሩን እሳቸው ላይ ጥለውታል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ማሽኑ መድኃኒትዎ አይደለም እንዴ? ለምን ይጠሉታል?»

«መድኃኒት! ከሥራዬ የሚነቅለኝ መድኃኒት! እኔስ እሺ፣ አርጅቻለሁ። እነዚያ ልጆችስ? ሁሉን ብረት ካነሣው እነሱ ምን ያነሣሉ? የሰው ጉሮሮ መዝጋት ነው ይሄ።»

«የማንም ጉሮሮ አይዘጋም። ለባለቤቱ ‹አንድ ሰው ቢቀነስ እጄን አላስገባም› ብዬዋለሁ፤ እሱም ቃሉን ሰጥቶኛል።»

«ቃል ነፋስ ነው።»

«እንግዲያው ነገ በሁሉም ፊት ያስደግሙት። ደግሞ እስቲ ያስቡት፤ ማሽኑ አንዱን ደርብ እንዳለ ገፍቶ ቀበቶው ላይ ያሰልፋል እንጂ የተሰነጠቀውን አይለይም፣ ጠርሙስ ተጋድሞ መንገድ ቢዘጋ አያስተካክልም። አጠገቡ የሚያይና የሚያስብ ሰው ይፈልጋል። ወገብ ግን አይጠይቅም። አሁን መሙያው በየጊዜው የሚቆመው እኮ እኛ ደክመን ጠርሙስ ስለማናደርስለት ነው። ለዚህ አይደል ደንበኛ የምንመልሰው? ደንበኛ የሚመልስ ቤት ደግሞ ውሎ አድሮ ሠራተኛውን መመለሱ አይቀርም።»

ሽማግሌውን እልህ ያዛቸው። «መስታወት እጅ ይወዳል። ብረት ርኅራኄ የለውም።»

«የእጅን ርኅራኄማ ይቺ ጣቴ ትመስክር! ደግሞ አይቆጡኝና፣ ሰው ከንፈሩን የሚያሳርፍበትን የጠርሙስ አፍ በላብ እጃችን ስናንቅ መዋላችን ደግ ነው?»

«አሁንስ አበዛሽው! ይቺን ምላስ ትምህርት ቤት ነው የሰጠሽ ወይስ አባትሽ?»

«አባቴ ነው። እሱ ደግሞ ‹ከታላቅ ወንድሜ ነው የወረስኩት› ይላል።»

ባለ ስምንቱ ሳቅ አመለጣቸው፤ ሲስቁም ትከሻቸው ወጋቸውና ፊታቸውን አጨማደዱ። ይህን ጊዜ ተራቸው ደረሰ።

ሐኪሙ ክንዳቸውን ወደ ላይም ወደ ኋላም ሞከረና «ጅማቱ ተጎድቷል። ካሳረፉት ይድናል፤ እንዲህ ማንሣት ከቀጠሉ ግን ጨርሶ አይታዘዝዎትም» አላቸው።

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «እውነቱን ብናገር መሳቂያ ነኝ። ማን አለቃ ይለኛል ከእንግዲህ? ዝም ብል ደግሞ ክንዴ መሄዱ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች ልጅቱ፤ ሌላ አልጨመረችም። ደግ አደረገች። አንዳንድ ሰው ሲገፉት ይደርቃል፤ ሲተዉት ነው የሚያስበው።

በማግስቱ ሠራተኞቹ በፓሌቶቹ መሃል ቆሙ። ባለቤቱ ያንኑ ቃሉን በሁሉም ፊት ደገመ፤ ከዚህ ክፍል ማንም አይቀነስም አለ። ሁሉም ዞረው አለቃቸውን አዩ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ትናንት ቀብር አልነበረብኝም። ሐኪም ጋ ነበርኩ። ይቺ ትከሻዬ አንድ ጠርሙስ እንኳ አታነሣም። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።»

ማንም አልሳቀም። ክዳን ገጣሚው ጎልማሳ ግን ጉሮሮውን ጠራረገና ሸሚዙን ወደ ላይ ገለጠው፤ ወገቡ ሰፊ መደገፊያ ታጥቋል። «እኔም ከዚህ ጋር ነው የምውለው» አለ። ምልክት ለጣፊዋ ሴትዮ ቀጠለች፦ «የኔ ጣቶች ማታ ማታ ይደነዝዛሉ። የልብሴን ቁልፍ የምትፈታልኝ ልጄ ናት።» ከዚያማ ተከፈተ፤ አንዱ አንጓውን፣ አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ጉልበቱን። ክፍሉ የማሸጊያ ክፍል መሆኑ ቀርቶ የሕመምተኞች መጠበቂያ መሰለ።

«ኧረ በፈጠራችሁ! ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» ጮኹ ሽማግሌው።

«ትራስ ይምጣልህ እንዳይሉን ነዋ!» አለ ክዳን ገጣሚው።

«ስለ ማሽኑስ ለምን ‹አለቃችን ያሉት ይሁን› አላችሁ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ስምንቱ ከቀረ እርስዎ ይሰበራሉ ብለን ነው።»

«እኔ እኮ እናንተ ትበተናላችሁ ብዬ ነው እምቢ ያልኩት!»

መጀመሪያ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም። ሽማግሌው እየሳቁ እንባቸውን በጤነኛው እጃቸው ጠረጉ። እስቲ ይታያችሁ! እነሱ ለሳቸው፣ እሳቸው ለነሱ ሲሉ፣ ሁሉም በየፊናው የገዛ አጥንቱን ሲሰብር ከርሟል። መተሳሰብ ደግ ነው፤ ሳይነጋገሩ መተሳሰብ ግን እንዲህ ያደርጋል።

«ይገዛ!» አሉ ባለ ስምንቱ። «ዛሬውኑ ይገዛ!»

ማሽኑ መጣ፣ ተተከለ። መጀመሪያ ሰሞን ጠርሙስ መጣሉ አልቀረም፤ ልጅቱ ሁለት ሦስቴ ፈትታ ገጠመችው፣ ከዚያ ረጋ። ዛሬ መሙያው ጠርሙስ አጥቶ አይቆምም፤ ደንበኛም አይመለስም። ከታጠበ በኋላ የጠርሙሱን አፍ የሚነካ ጣት የለም። አንድም ሰው አልተቀነሰም። አለቃው ማሽኑ አጠገብ ቆመው ስንጥቁን ይለያሉ፣ መንገድ ሲዘጋ ያቆሙታል። አዲስ ሰው ሲቀጠርም ስምንት አያስነሡትም፤ «እዚህ ቤት ያመመው ይናገራል፤ የደበቀ ከኔ ጋር ይጣላል» ይሉታል።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ሲነቁ ሲያማቸው በኖረው በቀኝ ጎናቸው ተኝተው እንዳደሩ ገባቸው። ክንዳቸውን አነሡ፤ ወጣ፣ ከራሳቸው በላይ። ሚስታቸውን ቀስቅሰው አሳዩ።

«እሰይ!» አለች ሚስታቸው ዓይኗን ሳትገልጥ። «በል አሁን አውርደውና አስተኛኝ።»