ለሐኪሙ ያልተነገረው እጅ

ዐፊፋ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስትወጣ፣ ዝናብ ከተጠለሉት ሰዎች መሀል አጎቷን ሲያጨሱ አየቻቸው። አጎቷ፣ ወርቅ ሠሪው ቡሽራ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ደረታቸው ተከፍቶ፣ በተዘጋው የልባቸው ደም ሥር ፈንታ ሌላ መተላለፊያ ሊሠራላቸው ነው።

"ጋሼ! ለሐኪሙ 'ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ' አላሉትም?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ሲጋራዋን ስሰናበታት ነው።"

ዐፊፋ የልብ ሕሙማን ነርስ ናት፤ ቁጣዋም ቅርብ ነው። "ስንብቱ የእርስዎ እንዳይሆን! የሱቅ ጎረቤትዎን ገብረዮሐንስን ምን ገደላቸው? ልባቸውማ ተጠግኖ ነበር። ማጨሳቸውን ደብቀው ገብተው፣ በዘጠነኛው ቀን የሳንባ ምች ወሰዳቸው።"

ሽማግሌው ሲጋራውን ጣሉ። "እሺ፣ እነግረዋለሁ።"

"የእጅዎንስ?"

ይህን ግን ለሐኪሙ አልተናገሩም። አምና ቀኝ እጃቸው ድንገት ዝሎ፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ማታውን ተመልሶላቸዋል። ለሰው ሁሉ "ብርድ መትቶኝ ነው" ብለዋል።

"እሱን ብናገር ከወረፋው ያወጡኛል። ሁለት ዓመት ጠብቄ! ደግሞ እጁ ይዝላል ከተባለ ማን ወርቁን ያምነኛል?"

እንዲህ ነን! በሽታን እንደ ሌብነት እንሸሽጋለን፤ ሬሳ ሲወጣ ግን "ሐኪም ገደለው" ለማለት የሚቀድመን የለም።

"በእርሳስ የተበየደ አምባር አምጥቶ 'ንጹሕ ነው' የሚልዎትን ደንበኛ ምን ይሉታል?"

"አላህ ይይልኝ ነዋ! እሳት ሲነካው ይፈረካከስብኛል፤ ከዚያ ሌባው እኔ! ቀድሞ ቢነግረኝ እኮ አጥርቼ..."

ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ያንኑ እጅ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሁሉንም ተናገሩ። አንገታቸው በመሣሪያ ሲታይ ወደ አንጎል የሚወጣው የግራው ደም ሥር ጠብቦ ተገኘ። ቀጠሮው ተሰረዘ፤ አልጋው ለሌላ ተሰጠ።

"አወጡኝ አይደል?" አሏት ዐፊፋን ደረጃውን ሲወርዱ።

"አዘገዩዎት እንጂ። እንደዚያው ቢገቡ ኖሮ ቀዶ ጥገናው ላይ አንጎልዎ ደም ሊያጣ ይችል ነበር። አሁን መጀመሪያ አንገትዎ ይታከማል፤ ሁለት ወር ካላጨሱም ሳንባዎ ያገግማል።"

"ከዚያ እድናለሁ?"

"ማንም አይምልልዎትም፣ ጋሼ። አደጋው ግን ይቀንሳል።"

ሱቃቸው ሲደርሱ አንዲት ሴት የተሰበረ ቀለበት ይዛ ትጠብቅ ነበር። ቡሽራ ከመቀበላቸው በፊት፣ "እጄ አምና ዝሎ ነበር፤ ይወቁት። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፣ ወርቁ ምን አለበት?" አሏት።

ሴትዮዋ እጃቸውን አየች፤ ቀለበቱን መልሳ በመሐረቧ ቋጠረችና ሄደች።

ዐፊፋ አንገቷን ደፋች። ቡሽራ ግን የሚመለከቱት ከጎናቸው ያለውን፣ ከተዘጋ ሦስት ወር የሆነውን የገብረዮሐንስን ሱቅ ነበር።

"ትሂድ" አሉ። "ለእሱም እውነቱን ተናግሮ ደንበኛ ቢጎድልበት ይሻለው ነበር።"