የዜኖቪያ ቆሻሻ እጅ

ዜኖቪያ ጡረታ በወጣችበት ቀን የዩኒቨርሲቲው የጤና ምርምር ክፍል ሰዎች ምሳ ጋበዟት። ሃያ ስድስት ዓመት ደም ስትቀዳ የኖረች ሴት ናት። ከጎኗ የላብራቶሪው ብርጭቆ አጣቢ የነበሩትን ሽማግሌውን ሳቢንን አስቀመጡላት። የሳቢን ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ እሳቸውን የሚያናግር ሰው አዳራሹን ሁሉ ማናገሩ አይቀርም። ከፊት ለፊቷ የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኮርኔሊዩ፣ ከቡካሬስት ከመጡት የምርምር ድጎማ ኮሚቴ ሴትዮ ጋር ተቀምጠዋል።

ነገሩን የክፍሉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱርዲና በምትባለው ከተማ፣ በእርሳስ ማቅለጫው ፋብሪካ ሥር የሚኖሩ ልጆች ደም ለዓመታት ሲጠና ቆየ። የመንግሥት ገንዘብ ሲቋረጥ ፕሮፌሰሩ ሄደው ከፋብሪካው ከራሱ ድጎማ አመጡ። ከዚያ በኋላ በወጣው ዘገባ ውስጥ የታችኛው ሰፈር አርባ አንድ ልጆች የሉም። ደም ቀጂዋ በቆሸሸ እጅ ናሙናቸውን ስላበላሸችው ተሰርዟል፤ የሰፈሩ አየርና አፈር ግን ንጹሕ ነው ይላል። ከሥሩ የፈረመችው ራሷ ዜኖቪያ ነች።

ከፕለም ፍሬ አረቄዋ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ወደ ሳቢን ዞረች።

«ጋሼ ሳቢን፣ ጎመኑ እንዴት ነው? ለስላሳ ነው አይደል… ለጥርስዎ ይመቻል። ዝናቡም አባራ፤ ደግ ቀን ነው።

እጄን ነው የሚያዩት? ይዩት፣ ግድ የለም። ቅድም ሦስቴ ታጥቤዋለሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው… ቆሻሻነቱ በወረቀት ሰፍሮ፣ ማኅተም አርፎበት። እኔ ቂሏ ንጹሕ መስሎኝ ያንን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ ክንድ ስነካ ኖርኩ። ደግሞ ቆሻሻው እንዴት ያለ አዋቂ ነው መሰለዎ… ላይኛው ሰፈር ስሆን እጄ ይጠራል፤ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ፋብሪካው ስጠጋ ይቆሽሻል። ከአየሩ ነው እንዳልል አየሩ ንጹሕ ነው ተብሏል። እንግዲህ ከኔ ነው።

ደግነቱ አንዳንድ ሰው አለ… ስም ምን ያደርጋል፣ የሌላውን ጥፋት የሚሸፍን። ቢሮው ጠራኝና ወንበሩን ራሱ ሳበልኝ። ለደም ቀጂ ወንበር የሚስብ ሰው አይተው ያውቃሉ? ‹ዜኖቪያዬ፣ አንቺ እንደ እህቴ ነሽ፤ ሰው ይሳሳታል› አለኝ። መሳሳቴን እኔ እንኳ ሳላውቅ እሱ ቀድሞ ይቅር ብሎኝ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ልብ ዛሬ የት ይገኛል? እኔም እንደ በግ ፈረምኩ። ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበራ… ፊርማዬን ግን ቢያዩት! እንደዚያ አምሮልኝ ፈርሜ አላውቅም።

እውቀቱንስ ቢሉ? እኔ መሃይሟ እርሳስ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አይወጣም ብዬ ዕድሜዬን ፈጀሁ። የተማረ ሰው ግን እርሳስ በላጲስ እንደሚጠፋ ያውቃል። ገንዘቡ የተቋረጠ ጊዜ እኔ ምን አደረግሁ? መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሱ ሄዶ ከራሱ ከጭስ ማውጫው አመጣልን። ከጭስ ገንዘብ ማውጣት… ይኼ ጥበብ አይደለም? ውለታም አይረሳም፤ ለሰጪው የጠየቀውን ብቻ ሳይሆን ያልጠየቀውንም ሰጠው።

አንዲት ሚሩና የምትባል ልጅ አለች፤ ሰባት ዓመቷ ነው። መርፌ ሳወጣ አታለቅስም፤ ክንዷን ራሷ ትዘረጋልኛለች። ፊደል አልያዝ ብሏት አስተማሪዋ ‹ሰነፍ ናት› ትላለች። እናቷ ‹የኔ ጥፋት ነው› ትላለች። እኔም ‹የእጄ ጥፋት ነው› ብዬ ፈረምኩ። ይኸው ጥፋቱን ሴቶቹ ተከፋፍለን ጨረስነው፤ ለሌላ ሰው የሚተርፍ እንኳ አላስቀረንም።»

የኮሚቴዋ ሴትዮ ሹካቸውን አስቀመጡ። ፕሮፌሰሩ ስለ መንገዱ ሊያጫውቷቸው ሞከሩ፤ ሴትዮዋ ግን ዓይናቸውን ከዜኖቪያ አልነቀሉም። ዜኖቪያ ጽፋ በቃሏ ያጠናችው የምስጋና ንግግር በቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አንድም ቃል ትዝ አላላትም። እንደገና ወደ ሳቢን ጠጋ አለች።

«እርጅና ግን መጥፎ ነው፣ ጋሼ ሳቢን። ባለፈው ሳምንት መሳቢያዬን ሳጸዳ የእነዚያን ልጆች ውጤት አገኘሁት። እያንዳንዱን በየፖስታው ከተትኩ፤ ወደ መዝገብ ቤት ልልክ። ይቺ እጄ ደግሞ አድራሻ ተሳሳተች… ለየእናቶቻቸው ሄደላቸው። ትናንት ደርሷቸዋል አሉ። ምን ይደረጋል፣ ያው እጄን ያውቁታል።»

በመስኮቱ በኩል አንድ አሮጌ አውቶቡስ በሩ ላይ ቆሞ ሴቶች ሲያወርድ ታየ። አንዳንዶቹ ልጅ አቅፈዋል። ሁሉም ነጭ ፖስታ ይዘዋል። ፕሮፌሰር ኮርኔሊዩ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ የኮሚቴዋ ሴትዮ ክንዳቸውን ያዝ አደረጉና መልሰው አስቀመጧቸው።

ዜኖቪያ ብርጭቆዋን አነሳች። ድምፅዋ ማር ማር ይል ነበር።

«እንግዲህ ግብዣው ለኔ ነውና ልመርቅ። ያ ደግ ሰው… ሴት ልጁ ልትወልድ ነው አሉ። እግዚአብሔር በሰላም ይገላግላት። አያትየውን የልጅ ልጁን አቅፎ ለመሳም ያብቃው። ንጹሕ ነው ብሎ በመሰከረለት በታችኛው ሰፈር ሰፊ ግቢ ይስጠው። ሕፃኑ እዚያ አፈር ላይ ይዳህ፣ ከዚያው ሰፈር ጉድጓድ ውሃ ይጠጣ፣ ያንን አየር ጠግቦ ይደግ። አድጎም የአያቱን ጥናት በገዛ ዓይኑ አንብቦ ይኩራበት… አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ ሳቢን።»