ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ
ወንድሜ ከቤት በመኪና ተወስዶ ከታሰረ በኋላ ወሎ ሰፈር ብቻዬን ነበር የምኖረው። ያኔ ሰው ሰውን አያምንም፤ ከሥራ ስመለስ በሬን ዘግቼ ቁጭ ነው። መንጋጋዬን ክፉኛ ሲያመኝ ጊዜ ጥርሴን ላስነቅል ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። አገላብጠው አዩኝና «ጥርስህስ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ወዲያው ደጅ መኪና ቆመ። «ይኸው! አሁን ጥርስህን ግጥም አደረግከው» አሉ። እኔ አልታወቀኝም።

«ቀኑን ሙሉ እንዲህ ከሆንክማ እንዴት አያምህ? ጭንቀት ነው ልጄ። ለመሆኑ ከማን ጋር ታወራለህ?»

«ከማንም» ልል ስል እንባዬ ቀደመኝ። ተነሥተው በሩን ዘጉና አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔም ልጄ ታስሮብኛል» አሉኝ፣ በሹክሹክታ። እሑድ እሑድ ቤታቸው እየሄድኩ ስናወራ መንጋጋዬ ቀስ በቀስ ተሻለው። ወንድሜ ግን ከእስር ሳይመለስ ቀረ።