አሮጌው ሳይፋቅ

«ዛሬ አየሩ ለልብስ ምቹ ነው፣ አይደል አክስቴ? ይሄ ሁሉ አንሶላ እስከ ምሳ ድርቅ ይላል።»

አለች ታላቂቱ እህት። አክስትየው የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ አንሶላ ታሰጣለች።  ታላቂቱን፣ ትናንት የመኪና ዕቃ ልትገዛ ከሄደችበት መለዋወጫ መደብር ከተመለሰች ጀምሮ፣ ንዴትና ሳቅ ሲታገሏት አድረው፣ ዛሬ ሳቁ አሸንፏል። ከአንሶላው ማዶ የአባቷ አሮጌ ፒካፕ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ሰርጉ የደረሰው የታናሽ እህቷ እጮኛ ግማሽ አካሉን ሞተሩ ላይ ደፍቶ፣ ከሞተሩ ክዳን ሥር ዘይት የሚያፈሰውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ይቀይራል። ታናሿ የእጅ ባትሪ ታበራለታለች።

«መኪናዋ መቼም ዕድሏ!» አለች ታላቂቱ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እንዲህ ያለ እጅ ማን ያገኛል? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓርኒሲዮን ሲቀይር የአሮጌውን ቅሪት ሲፍቅ ነበር የሚውለው። ‹ብረቱ ካልጠራ አዲሱ አይዝም› እያለ። ምስኪን፣ የድሮ ሰው! ዛሬ ምን መፋቅ ያስፈልጋል? አሮጌውን እንዳለ ትቶ፣ አዲሱን ከላይ ደረብ... ቡሎኑን ጠበቅ... አለቀ! አሮጌው አይከፋው፣ አዲሱ አያውቅ። ርኅራኄ እኮ ነው፣ አክስቴ!»

ከኮፈኑ ሥር የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«ደግሞ የመለዋወጫ ሻጯ! እንዴት ያለች ሸጋ ልጅ መሰለችሽ! የአሮጌ ፒካፕ ዕቃ ስላት ‹የኔም እጮኛ የአንድ ዘመዱን አሮጌ ፒካፕ ሊጠግን ነው› ብላ ሳቀች። የዘመዱን!... የጣቷ ቀለበት ቁርጥ የእኛይቱን ሙሽራ ቀለበት። ያችው ሰማያዊ ፈርጥ፣ ያችው ጎኗ ላይ የተቀረጸች ቅጠል... አንድ ሰው የመረጣቸው ነው የሚመስሉት። የእጮኛዋን ፎቶም አሳየችኝ። ምን ያለ ፈገግታ! የት እንደማውቀው ግን... እንጃ። እርጅና ነው መሰለኝ።»

መቆንጠጫው ከአክስትየው ጥርስ አምልጦ ወደቀ። የባትሪው ብርሃን ከሞተሩ ላይ ተነሣና፣ ቀስ እያለ፣ የእጮኛው ፊት ላይ አረፈ።

«‹ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም› ያለው ሰውዬ ጉልበት ቢያንሰው ነው። ጎበዝማ ይወጣል! ከታች መሰላል የሚይዝለት ዘመድ ካለው ምን ቸገረው?... ኧረ እኔ ማንን አልኩ? ስለ መኪና ነው የማወራው!»

ታናሿ ቀለበቷን እየታገለች አወለቀችውና ቡሎኖቹ ከተጠራቀሙበት ሳህን ውስጥ ጣለችው። ቅጭል አለ። ባትሪውን አጠፋች።

ታላቂቱ የአንሶላውን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቋን አፈነች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

«በይ አክስቴ፣ አሜን በይ፤ የለፋ ሰው ምርቃት አይነፈግም። እግዜር የአብርሃምን ትዳር ይስጠው... ሣራ ብትቀርበት እንኳ፣ አጋር አይጣ!»