አስተርጓሚ የማያስፈልገው ችሎት

አቶ ጠና ከሆሳዕና ገበያ ሲመለሱ ሞርሲቶ ከተማ ሳይደርሱ ደከማቸውና ከመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ያደከማቸው መንገዱ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው፤ እሳቸውም ጠዋትና ማታ አልጋው አጠገብ ተንበርክከው በአማርኛ ሲጸልዩላቸው ኖረው ከመስከረም ወዲህ ትተውታል። መቼም ጸሎት በአንድ ጊዜ አይተውም፤ መጀመሪያ የጠዋቱ ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው፣ በመጨረሻ የእሑዱ ጉባኤ።

በዚያው መንገድ የጎረቤታቸው ልጅ አስተማሪዋ ጣቢታ ስታልፍ አየቻቸውና እጅ ነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባባ፣ ጸሎት ቤት ካየንዎ ቆየን፤ በደህናዎ ነው?" አለቻቸው በሀዲይኛ።

"ልጄ፣ ዳኛው መዝገቡን ዘግቶታል። የተዘጋ መዝገብ ላይ ደጅ አይጠናም።"

"ዘግቶታል ብሎ ማን ነገረዎ?"

"ማን ይነግረኛል፤ ዝምታው ነው እንጂ። ያንቺ አማርኛ እንደ ውኃ ይፈሳል። እኔ ግን ስጸልይ 'ሁሉን ቻይ' ካልኩ በኋላ ምላሴ ይተሳሰራል። በመሬት የተከራከርኩ ጊዜ የረታኝ ባላጋራዬ እንዳይመስልሽ፤ አማርኛ ነው የረታኝ። አስተርጓሚው ነገሬን ግማሹን ዋጠብኝ። የእግዚአብሔርም ችሎት እንዲሁ ቢሆን ነው።"

ጣቢታ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

"ታዲያ በአማርኛ ጸልዩ ያለዎ ማን ነው?"

"መጽሐፉ በአማርኛ፣ ስብከቱ በአማርኛ። ትልቅ ጌታ ፊት በጓዳ ቋንቋ ይቀረባል?"

"እናትዎ እርስዎን ሲያምጡ የጮኹት በምን ቋንቋ ነበር? ያንን የሰማ አምላክ ዛሬ አስተርጓሚ ይፈልጋል?"

አቶ ጠና በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የደከመ ሰው ግን በአንድ ቃል አይረታም።

"እሺ፣ በሀዲይኛ ለመንኩ እንበል። ባትድንስ?"

"እሱን አላውቅም" አለች ጣቢታ። "እኔም ለምኜ ያጣሁት አለ። ግን እንሰትዎን ነቅለው ሲያዛውሩት ይጠወልግ የለ? ሞተ ብለው ይተዉታል?"

"አልተወውም።"

"ታዲያ ጸሎትዎን ለምን ይተዋሉ? ቃል ካጡ ደክሞኛል ይበሉት።"

"በዚህ ይጀመራል? ነውር አይደለም?"

"እውነት ከሆነ ምኑ ነውር ነው፣ አባባ?"

አቶ ጠና ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤታቸው ገቡና ከሚስታቸው አልጋ አጠገብ ተንበረከኩ። ከዚያ በሀዲይኛ፣ "አባት ሆይ፣ ደክሞኛል" አሉ። "ይህችን ሴት ማንሣት አቃተኝ። እባክህ ማርልኝ። ባትነሣም አትተዋት፤ እኔንም አትተወኝ።"

አንባቢ ሆይ፣ ወይዘሮ ገነቴ በማግስቱ አልተነሡም፤ በዚያ ዓመትም አልተነሡም። ጸሎት ግን በዚያ ቤት ዳግመኛ አልተቋረጠም። በልቡ ቋንቋ የሚለምን ሰው ቢደክመው አርፎ ይቀጥላል፤ ጥርጣሬውን ከመደበቅ ይናገረዋል፤ ሸክሙንም ብቻውን አይሸከምም። አቶ ጠና ይህን ያወቁት ያን ዕለት ማታ አሜን ብለው ቀና ሲሉ ነው። ከአማርኛ አንድ ቃል የማይሰሙት ሚስታቸው እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ያዩዋቸው ነበር።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ተንበርክከው ይናገሩት የነበረው" አሉ ወይዘሮ ገነቴ፣ "ስለ እኔ ኖሯል?"